ልጁን አትደብቁት፤ ወረቀቱንም ሳታውቁት አትፈርሙ

ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ማን ያነብላችኋል? በብዙ ቤት መልሱ የታወቀ ነው፤ ታላቂቱ ልጅ ናት። ስለ ሽርሽር ወይም ስለ ወላጆች ስብሰባ ከሆነ ግድ የለም፣ ታንብበው። ደብዳቤው «የልጃችሁ ጉዳይ ቫዓዳ ፊት ይቀርባል» የሚል ሲሆን ግን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ ታናሽ ወንድሟ አእምሮ ለእናቷ እንድታስተረጉም እያደረግናት ነው። ግማሹን አታውቀውም፤ ግማሹን ደግሞ እናቷ እንዳታዝን ብላ ትሸሽገዋለች። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ይህን ከአንዴም ሁለቴ አይቻለሁ። ስለዚህ ሌላውን ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ለእንዲህ ያለው ደብዳቤ አዋቂ ሰው ፈልጉ።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ስለሚያሳድጉ ቤተሰቦች ነው፤ በተለይ እዚህ ኢየሩሳሌም ስላሉት። ወገኖቻችን በኪርያት መናሔም፣ በኔቬ ያዕቆብ፣ በምሥራቅ ታልፒዮት ተበትነው ይኖራሉ። በሁሉም ሰፈር ስዞር የምሰማው ሁለት ዓይነት ጉዳት ነው። አንደኛው፣ ምንም የጎደለው ነገር የሌለ ልጅ ዕብራይስጡ ስላልጠነከረ ወይም ፈተናው የማያውቀው ዓለም ስለሆነበት ብቻ «ሕኑኽ መዩሐድ» ወደሚሉት ልዩ ትምህርት ሲላክ ነው። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። በእርግጥ እርዳታ የሚያስፈልገውን ልጅ ወላጆቹ የመጀመሪያውን ወሬ ሰምተው ስለፈሩ፣ ወይም ጎረቤት እንዳያይ ስላፈሩ፣ ቤት ውስጥ ያስቀምጡታል። ስለ መጀመሪያው በየስብሰባው እንጮኻለን፤ መጮኻችንም ትክክል ነው። ስለ ሁለተኛው ግን ዝም እንላለን። እኔ ሁለቱ ከአንድ ቦታ የሚመጡ ይመስለኛል። ስለ ልጁ በሚወሰንበት ክፍል ውስጥ ወላጁ የለም፤ ወይም በአካል ተቀምጦ በቃል የለም።

በሐበሻ ጎዳና የኖረው ዝምተኛ ልጅ

ከሐነቪኢም፣ ማለት ከነቢያት ጎዳና ወደ ውስጥ ስትታጠፉ ሰዎች «ረሖቭ ሐሐበሺም» የሚሉት፣ በወጉ የኢትዮጵያ ጎዳና የሚባል ጠባብ መንገድ አለ። በረጅም የድንጋይ አጥር ውስጥ የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ገዳም ደብረ ገነት ይገኛል፤ በመካከሉም ክብ ሆኖ የተሠራው የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለ። በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 ያለቀ ነው (ዓመቱን ሁሉ እዚህ አገር በምንቆጥርበት አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እኛ ቤተ እስራኤል ጸሎታችን ሌላ ነው፤ ሆኖም መነኮሳቱ በአማርኛ ሲያወሩ ስትሰሙ ቆም ማለታችሁ አይቀርም።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ኤሊዔዜር ቤን ይሁዳ የኖሩበት ቤት አለ። ዕብራይስጥ ከጸሎት መጽሐፍ ወጥቶ የቤትና የገበያ ቋንቋ እንዲሆን የታገሉት፣ ትልቁን መዝገበ ቃላት የጀመሩት ሰው ናቸው። ስማቸውን በኡልፓን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ግን የልጃቸው ታሪክ ነው።

ቤን ይሁዳና ባለቤታቸው ዲቮራ ወደ ኢየሩሳሌም የመጡት በ1881 ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ወንድ ልጅ ወለዱ። አባትየው «ይህ ልጅ ከዕብራይስጥ በቀር አንዲት ቃል አይሰማም» ብለው ቆረጡ። በዚያን ጊዜ አብሮት በዕብራይስጥ የሚጫወት ሌላ ሕፃን አልነበረም። ልጁ ሁለት ዓመት ሞላው፣ ሦስት ሞላው፣ አይናገርም። የቅርብ ወዳጆች ሳይቀሩ «ልጁን ልታበላሸው ነው፣ አእምሮው ይቀራል» እያሉ አባትየውን ገሠጹ። አፉን የፈታው አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው ይባላል። ቤተሰቡ ወደዚህ ጎዳና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁም ኢታማር ቤን አቪ ተብሎ ትልቅ ጋዜጠኛ ሆነ፤ እንጀራውን የበላው በቃል ነው።

ይህን የነገርኳችሁ «ልጅ ቆይቶም ይናገራል፣ ተዉት» እንድትሉ አይደለም። እንደዚያ ብላችሁ ብትይዙት እኔን ነው የምታሳዝኑኝ። አንዳንድ ልጅ የማይናገረው ጆሮው ስለማይሰማ ነው፤ ሌላው ኦቲዝም ስላለበት ነው፤ ለእነዚህ አንድ ዓመት መዘግየት ብዙ ነው። ልነግራችሁ የፈለግሁት ቋንቋ ያዘገየው ልጅና ሌላ ችግር ያዘገየው ልጅ ከሩቅ ሲታዩ አንድ መምሰላቸውን ነው። የሚለዩት ቀርበው በደንብ ሲመረመሩ ብቻ ነው። የምርመራው ግማሽ መረጃ ደግሞ ያለው ቤታችሁ ነው። ልጁ በአማርኛ ምን ይላል? «ጫማህን አምጣ» ሲባል ያመጣል? አያቱ ተረት ሲነግሩት በሚያስቀው ቦታ ላይ ይስቃል? ችግሩ የንግግር ችግር ከሆነ በሁለቱም ቋንቋ ይታያል፤ በዕብራይስጥ ብቻ ከታየ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመርማሪው የሚነግረው ከእናንተ በቀር ማንም የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አንዳንድ ሰው «ልጁ እንዳይምታታበት በቤት አማርኛ አትናገሩት» ሲል ትሰሙ ይሆናል። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያዘገይም፣ አያደናግርም፤ በዓለም ላይ ስንት ሕፃን በሁለትና በሦስት ቋንቋ ያድጋል። እናት በምታውቀው ቋንቋ ብታወራው ነው ልጁ ብዙ ቃል የሚያገኘው። በተሰባበረ ዕብራይስጥ ግን አምስት ቃል ሰጥታው ዝም ትላለች።

የአባቴ ስንደዶና የፕሮፌሰሩ ፈተና

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ ፊደል ሲያስቆጥሩን አጠገባችን ተቀምጠው፣ ፊደሉን በስንደዶ እየነኩ ነበር። ልጅ ሲሳሳት ስንደዶውን መልሰው እዚያው ያስቀምጡና አብረውት ይላሉ። ነገም እንደዚያው። አንዱ በሦስት ወር ይለቅመዋል፣ ሌላው ዓመት ይፈጅበታል። ዓመት የፈጀበት «አይችልም» አይባልም፣ «ገና ነው» ይባላል። (ሁሉ ወርቅ ነበር እያልኩ አይደለም፤ አለንጋም ነበር።) ኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስገባ ሌላ ነገር አየሁ። ወረቀት ይታደላል፣ ሰዓት ይያዛል፣ ማንም ማንንም አያግዝም፣ በመጨረሻ ደረጃ ይወጣል። በአንዱ ቤት መፈተንና ማስተማር አንድ ነገር ነበሩ፤ በሌላው ተለያዩ።

እዚህ አገር መጥቼ ስለ ፕሮፌሰር ርኡቬን ፎይርሽታይን ስማር የአባቴ ስንደዶ ትዝ አለኝ። እኚህ ሰው በ1921 ሮማንያ ውስጥ ተወለዱ። ከሾዓ እልቂት ከተረፉ ልጆች ጋር ሠሩ፤ ቀጥሎም ከሞሮኮ ከመጡ የአይሁድ ልጆች ጋር። የሞሮኮዎቹ ልጆች በአውሮፓ ፈተና ሲፈተኑ ብዙዎቹ «አእምሯቸው ደካማ ነው» ተብለው ነበር። ፎይርሽታይን ይህን አልተቀበሉም። ፈተናው የሚያሳየው ልጁ እስከ ዛሬ ያገኘውን ነው እንጂ ነገ ሊማር የሚችለውን አይደለም አሉ። ስለዚህ ሌላ ዓይነት ፈተና ሠሩ። ፈታኙ ጥያቄውን ይሰጣል፤ ልጁ ሲሳሳት አጠገቡ ተቀምጦ እንዴት እንደሚታሰብ ያሳየዋል፤ ከዚያ ሌላ ጥያቄ ይሰጠዋል። የሚመዘነው በመጀመሪያውና በኋለኛው መካከል ያለው ለውጥ ነው። በዕብራይስጥ «ኢብሑን ዲናሚ» ይሉታል። እዚሁ ኢየሩሳሌም ተቋም መሠረቱ፤ በ1992 የእስራኤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2014 በ92 ዓመታቸው አረፉ።

ይህ ፈተና ከእኛ ልጆች ጋርም ተሠርቶበታል። ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣቶችን በተመለከተ በ1991 ታትሞ በወጣ ጥናት፣ ልጆቹ ያለ እገዛ ሲፈተኑ ውጤታቸው በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ካስተማሯቸው በኋላ ግን እዚህ ተወልደው ወዳደጉት እኩዮቻቸው ተጠጉ። በ1999 ደግሞ ዳቪድ ጹሪኤልና ሮኒት ካውፍማን የሚባሉ ተመራማሪዎች ኪታ አሌፍ የገቡ የእኛን ትንንሽ ልጆች በዚህ ዘዴ ፈትነው ነበር፤ መጀመሪያ ላይ የነበረው ልዩነት ከትምህርቱ በኋላ ጠበበ።

ልብ በሉ እንግዲህ። ያው ልጅ፣ ያው ጭንቅላት ነው። በአንዱ ሚዛን ሲመዘን ልዩ ክፍል የሚገባ ይመስላል፤ በሌላው ሲመዘን አስተማሪ ብቻ ነው የጎደለው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ፕሲኮሎግ ውጤት ሲነግራችሁ ራስ ነቅንቆ መውጣት አይበቃም። እኛ ትልቅ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው ብለን ስላደግን ዝም እንላለን። እዚህ ዝም ያለ ሰው «ተስማምቷል» ነው የሚባለው። በትሕትና ጠይቁ፤ ግን ጠይቁ። ልጄ የተፈተነው በየትኛው ቋንቋ ነው? ስንት ጊዜ አገኛችሁት? ሲሳሳት አሳይታችሁት እንደገና ሞከረ? ዓይኑና ጆሮው ከፈተናው በፊት ተመርምሯል? መነጽር የሚያስፈልገው ልጅ ሰሌዳው ስላልታየው ብቻ ሰነፍ ተብሎ ዓመት የቆየበትን ክፍል አውቃለሁ።

ቫዓዳው ፊት

በዚህ አገር የልዩ ትምህርት ሕግ የወጣው በ1988 ነው። ከ3 ዓመት እስከ 21 ዓመት ያለውን ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ መንግሥት በነፃ ያስተምራል ይላል። ሕጉ ግን እንደ ወጣ አልቀረም። ወላጆች ናቸው የለወጡት። ዳውን ሲንድሮም ያላቸው ልጆች ወላጆች ማኅበር «ያቴድ» እዚሁ ኢየሩሳሌም ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ትምህርት ሚኒስቴርን ከሰሰ። «ልጃችን መደበኛ ክፍል ሲገባ እርዳታው ለምን ይቀርበታል? ልዩ ትምህርት ቤት ካልገባ ለምን ገንዘብ የለም?» ነበር ክሳቸው። በ2002 ፍርድ ቤቱ ለወላጆቹ ፈረደ። በ2018 ደግሞ ሕጉ እንደገና ተሻሻለ፤ ልጁ የሚማርበትን ዓይነት የመምረጥ መብት በመሠረቱ ለወላጅ ተሰጠ።

ይህን የ2018 ለውጥ ብዙ ወላጆች አልሰሙትም፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ዛሬ ስለ ልጁ የሚቀመጠው ኮሚቴ «ቫዓዳት ዘካኡት ቬኢፍዩን» ይባላል። ሥራው ሁለት ነገር መወሰን ነው፤ ልጁ ለልዩ ትምህርት መብት አለው ወይስ የለውም፣ ካለው ችግሩ ምን ዓይነትና ምን ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ልዩ ትምህርት ቤት ይግባ፣ ወይስ በመደበኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ባለ ትንሽ ልዩ ክፍል፣ ወይስ በመደበኛው ክፍል ከነእርዳታው ይማር የሚለውን የሚመርጠው ወላጁ ነው። ልጁ ራሱን ወይም ሌላውን የሚጎዳበት አስጊ ሁኔታ ካለ ብቻ ነው ነገሩ የሚለየው። «ቫዓዳው ልዩ ትምህርት ቤት ላከብን» የሚሉ ወላጆች አጋጥመውኛል። ቫዓዳው አልላካቸውም፤ ምርጫውን የያዘውን ወረቀት ሳያነቡት ፈርመውበታል። ምርጫ እንዳላቸው የነገራቸውም ሰው አልነበረም።

ወደ ቫዓዳው ስትሄዱ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። ዘመድ ይሁን፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ምጋሼር ይሁን፣ ብቻ ዕብራይስጡን አቀላጥፎ የሚያውቅና አፍ ያለው ይሁን። «ፊደል» የተባለው የማኅበረሰባችን ድርጅት ምጋሽሪም በማሠልጠን ብዙ ዓመት ሠርቷል። ነገሩ የመብት ክርክር ከሆነም «ጠበቃ» አለ፤ በ2000 የተቋቋመ፣ ለቤተ እስራኤል የሚቆም የሕግ ድርጅት ነው። አስተርጓሚ እንዲቀርብላችሁ ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የጻፋችሁትን ቅጂ አስቀሩ። ልጁን በተመለከተ ቫዓዳው ፊት የሚቀርቡትን ወረቀቶች የማየት መብት አላችሁ፤ ከቀኑ በፊት ውሰዷቸውና ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ አስነብቡ። ውሳኔው ካልተዋጠላችሁ ይግባኝ አለ፤ «ዓራር» ይባላል። የጊዜ ገደብ ስላለው የውሳኔውን ደብዳቤ ቀን ተመልከቱ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ ከበዓል በኋላ አየዋለሁ ማለት መብትን መቅበር ነው።

ብዙዎቻችሁ «መቼ ልሂድ? ከሥራ ብቀር ያባርሩኛል» ትላላችሁ። በጽዳትና በጥበቃ ሥራ ያለ ሰው ይህን ቢፈራ አልፈርድበትም። ሆኖም ሕግ አለ። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ወላጅ፣ በአንድ ቀጣሪ ዘንድ ቢያንስ ዓመት ከሠራ፣ ልጁን ለመርዳትና ለማሳከም በዓመት እስከ 18 ቀን ከሕመም ቀኖቹ ተቆጥሮለት መቅረት ይችላል። ወደ ልዩ ትምህርት የሚሄድ አካል ጉዳተኛ ልጅ መጓጓዣ እንዲቀርብለት ደግሞ ከ1994 ጀምሮ ራሱን የቻለ ሕግ አለ። በሁለት አውቶቡስ እያንጠለጠላችሁ የምትወስዱ ካላችሁ ኢሪያውን ጠይቁ።

ችግሩ እውነት ሲሆን

እስካሁን ያልኩት ያለ ጥፋቱ ስም ስለሚለጠፍበት ልጅ ነው። አሁን ወደሚከብደው ልምጣ።

በጎንደር አገር አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ለዚህ የእጅ ሙያ የተሰጠን ስም «ቡዳ» ነበር። የጎረቤት ልጅ ሲታመም እኛ ላይ ይላከክ ነበር። ሰው ላይ ስም ሲለጠፍ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ የሚያስተምረን አያስፈልግም። ታዲያ እኛው ንግግር የዘገየበትን ልጅ «ዘገምተኛ»፣ እጁን የሚያወናጭፈውን «ዛር ያዘው»፣ እናቲቱን «ምን ሠርታ ይሆን» ስንል ምን ይባላል? ይህን ቃል ፈርታ ነው እኮ እናት ሠርግ ስትጠራ ልጇን ለጎረቤት ትታ የምትሄደው። ጎረቤት ካጣች ደግሞ ራሷም ትቀራለች።

በገጠር እንዲህ ያለ ልጅ ጥጃ ይጠብቃል፣ እንጨት ይለቅማል፤ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ቢጠፋም መልሰው ያመጡታል። የሚደበቅም ነበር፤ አልዋሽም። እዚህ ግን መንደር የለም። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤትና የተቆለፈ በር ነው ያለው። እናት ጠዋት ሥራ፣ አባት ማታ ጥበቃ፣ ልጁ ከቴሌቪዥን ጋር። እዚህ መደበቅ ከአገር ቤት ይልቅ የባሰ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የሚባሉ ሴት ነበሩ። የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው የታወቁ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ኦቲዝም ስለነበረበት የሚቀበለው ትምህርት ቤት አጡ። ልጁን አልደበቁትም፤ በ2002 «ጆይ» የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፈቱ፤ በየመድረኩና በየቴሌቪዥኑ ስለ ልጃቸው ተናገሩ። ዛሬ በኢትዮጵያ ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሰማ ብዙ ሰው የሰማው ከእሳቸው አፍ ነው። በ2021 አረፉ። እሳቸው ከምንም ተነሥተው ነው የሠሩት። እኛ በሕግ የተጻፈ አገልግሎት ያለበት ከተማ ውስጥ ተቀምጠን ልጅ ስንሸሽግ እሳቸውን ሳስብ ይከነክነኛል።

እዚሁ ኢየሩሳሌምም የአንዲት እናት ታሪክ አለ። ካልማንና ማልኪ ሳሙኤልስ የሚባሉ ባልና ሚስት ዮሲ የሚባል ልጅ ነበራቸው። ገና በጨቅላነቱ ዓይኑንም ጆሮውንም አጣ። እናትየው «ልጄን ብትረዳልኝ የሌሎችን ልጆች እረዳለሁ» ብላ ለፈጣሪ ተሳለች። ዮሲ ስምንት ዓመቱ ሲሆን ራሷ መስማት የተሳናት አንዲት አስተማሪ የዕብራይስጥ ፊደል በመዳፉ ላይ በጣቷ እየሠራች «ሹልሓን»፣ ማለት ጠረጴዛ የሚለውን ቃል አስተማረችው። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። በ1990 ቤተሰቡ ሐር ኖፍ ባለው ቤት ስድስት ልጆች ተቀብለው «ሻልቫ»ን ጀመሩ። ዛሬ ሻልቫ ከሻዓሬ ጼዴቅ ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ ትልቅ ሕንፃ አለው። ጨቅላ ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር መጥተው ይታከማሉ፤ ትልልቆቹ ከትምህርት በኋላ ይውላሉ፤ «ኖፍሾን» የሚባልም አለ፣ ልጁ በተራው እዚያ ያድራል፣ ወላጅ ያን ሌሊት ይተኛል። እናቶች ይህን ስነግራቸው «ልጄን ሰው ቤት አሳድሬ እኔ ልተኛ?» ይሉኛል። አዎ፣ ተኙ። ለስድስት ዓመት ሌሊት ያልተኛች እናት ለሌሎቹ ልጆቿም አትተርፍም።

የሻልቫን ባንድ በቴሌቪዥን ያያችሁ ትኖራላችሁ። በ2019 ለኢሮቪዥን እስራኤልን ለመወከል ተቃርበው፣ ልምምዱ ሰንበትን ስለሚነካ ከውድድሩ ራሳቸውን አወጡ። በዚያው ዓመት ቴል አቪቭ ላይ እንግዳ ሆነው ዘፈኑ። ከሁለቱ ዓይነ ስውር ዘፋኞች አንዷ በልጅነቷ ከህንድ የመጣች ዖላ ናት።

አሁን ከየት እንደሚጀመር። ልጁ ጨቅላ ከሆነ የጢፓት ሐላቭ ነርስ ናት የመጀመሪያዋ በር። «ዓይን አያይም፣ ስጠራው አይዞርም፣ አይቀመጥም» በሏት፤ «ያልፍለታል» ብላችሁ አትሸፍኑ። ከዚያ ኩፓት ሆሊም ወደ ልጅ እድገት ምርመራ ይልካል። ይህ ሕክምና በጤና መድኅኑ ለአብዛኛው ልጅ እስከ 9 ዓመት ነው፣ ኦቲዝም ላለበት እስከ 18። ወረፋው ረጅም ነው፤ ስለዚህ የምትጠራጠሩ ከሆነ ዛሬ ተመዝገቡ፣ ጥርጣሬው ከጠፋ መሰረዝ ቀላል ነው። ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ላሉት በ2000 የወጣ ሕግ የማገገሚያ መዋያ፣ «ማዖን ዮም ሺቁሚ»፣ ይሰጣቸዋል። አካሉ የማይታዘዝለት፣ አደጋ የደረሰበት ልጅ ካላችሁ ኪርያት ዮቬል ያለው አሊን ሆስፒታል ከ1932 ጀምሮ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ኪርያት መናሔም ላላችሁ ጎረቤታችሁ ነው።

ገንዘቡንም አትናቁ። ቢቱዋህ ሌኡሚ ለአካል ጉዳተኛ ልጅ በየወሩ የሚከፍለው አበል አለ፤ በአብዛኛው ከተወለደ ከ91 ቀን ጀምሮ እስከ 18 ዓመት ከ3 ወር። ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድሮም፣ ከባድ የመስማትና የማየት ችግር ካሉባቸው ምክንያቶች መካከል ናቸው። የትኩረት ማነስ ብቻ ከሆነ አይገባም። አበሉን የሚያገኝ ቤተሰብ በአርኖናም እስከ 33 በመቶ ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል። «ልጄን ነዳይ አላደርገውም» ያሉኝ አባት ነበሩ። ይህ ምጽዋት አይደለም አልኳቸው፤ እርስዎ ከየወሩ ደመወዝዎ የሚቆረጠው ነው። ገባቸው፤ ግን ሁለት ዓመት አልፎ ነበር።

ከሰው መሐል

ስብሰባና በዓል ሲኖር ልጁን ይዛችሁ ውጡ። ሕዝባችን ያለ ስብሰባ አይኖርም፤ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ስግድ። ስግድ በ2008 ሕግ ሆኖ የአገሪቱ በዓል ከሆነ ወዲህ በሔሽቫን 29 አርሞን ሐነጺቭ ላይ ስንት ሺህ ሰው ይወጣል። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ የእኛ ልጅ ስንት ጊዜ አያችሁ? መንገዱ የተነጠፈ ነው፣ ወንበር ይገፋበታል። ጩኸትና ግርግር የሚከብደው ልጅ ካላችሁ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ኑ፤ ቄሶቹ ጃንጥላቸውን ይዘው ሲገቡ ይይ፣ የኦሪቱን ንባብ ከዳር ሆኖ ይስማ፣ ሲደክመው መልሳችሁ ውሰዱት። ሙሉ ቀን መቆም ግዴታ የለበትም። ቄሶቻችንም በዚያ ቀን ስለ እነዚህ ልጆች አንድ ቃል ቢሉ፣ መቶ አስተማሪ ከሚለው ይበልጥ ይሰማል። የቄስ ልጅ ስለሆንኩ ነው ይህን የምደፍረው።

ለወላጆች የሚደረገው ስብሰባም እንዲሁ ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ «ቄሼር» የተባለ፣ ልዩ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች መረጃ የሚሰጥና ወላጆችን የሚያገናኝ ድርጅት አለ። ንግግሩ ሁሉ በዕብራይስጥ ስለሆነ እኛ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠን ቡናው ሳይፈላ እንወጣለን። ለዚህ እኔ የማየው መፍትሔ ቀላል ነው። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው ሦስት አራት እናቶች አይጠፉም። ዓርብ ከሰዓት ሳይሆን ሥራ በማይበዛበት ቀን ከአንዷ ቤት ቡና ይፈላ። ልጆቹም ይምጡ። አንዷ የቢቱዋህ ሌኡሚን ቅጽ ሞልታለች፣ ሌላዋ ጥሩ የንግግር ሐኪም ታውቃለች፣ ሦስተኛዋ ምንም አታውቅም፣ ግን እዚያ ማልቀስ ትችላለች። አባቶችም ብትመጡ አይከለከልም። ልጁን ወደ ሐኪም የምታመላልሰው እናት ብቻ ሆና፣ ቫዓዳው ፊት ሲደረስ ግን አባት ብቻውን ገብቶ ሲፈርም ማየት ሰልችቶኛል።

ቤት ውስጥ አንድ ክላሴር ይኑራችሁ። የልጁ ወረቀት ሁሉ በቀኑ ተራ ይግባበት፤ የጢፓት ሐላቭ ካርድ፣ የሐኪም ደብዳቤ፣ የፕሲኮሎግ ውጤት፣ የቫዓዳው ጥሪና ውሳኔ። ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ ቅጂ አውጥታችሁ ስጡ። ከውስጥ በኩል በአማርኛ በራሳችሁ እጅ ጻፉ፦ መቼ ዳኸ፣ መቼ ቆመ፣ የመጀመሪያ ቃሉ ምን ነበር፣ በየትኛው ቋንቋ። ሐኪሙ ይህን መጠየቁ አይቀርም፤ ከሦስት ልጅ በኋላ ማን ያስታውሰዋል? ለቢቱዋህ ሌኡሚ *6050 ይደወላል፣ ለጤና ሚኒስቴር *5400፣ ለማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር 118። በ2011 የወጣው የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ሆስፒታልና ኩፓት ሆሊም በማትሰሙት ቋንቋ እንዳያስተናግዷችሁ ያዛል፤ ስለዚህ ስትደውሉም ስትሄዱም መጀመሪያ «አምሐሪት» በሉና አማርኛ የሚናገር ሰው ጠይቁ። የአሥራ ሁለት ዓመቷን ልጅ ግን ትምህርቷ ላይ ተዉአት።